የሮም ጉባኤ፣ የቢሾፍቱ ጄቶችና ትንንሾቹ ክንፊቶች፦ በድምፅ ፍጥነት ዳርቻ የአየር ፍሰት መላቀቅ እንዴት ተገታ?

(በአዳሚ ቱሉ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ።)



የዛሬው ንግግሬ የጣት ርዝመት እንኳ ስለማትሞላ አንዲት ቁራጭ ብረት ነው። በአንዳንድ አውሮፕላኖች ክንፍ ላይ ከመስኮት አጠገብ ተቀምጦ በጥሞና የተመለከተ ሰው፣ በክንፉ ገጽ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ቆርቆሮዎችን ያያል። በእንግሊዝኛው ስማቸው ቮርቴክስ ጄኔሬተር ይባላሉ፤ እኔ ዛሬ «አዙሪት አመንጪ» እላቸዋለሁ። ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ግራ ያጋባል። መሐንዲሶች ክንፉን እንደ መስተዋት ለማለስለስ ዓመታት ከደከሙ በኋላ ለምን እሾህ ይተክሉበታል? ስሟን ከቁልቋል በወሰደችው በዚህች ከተማ ስለ እሾህ ጥቅም መናገር የሚከብድ አይመስለኝም።

ይህ ንግግር ግን የምሕንድስና ብቻ ሳይሆን የታሪክም ነው። ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «መምህር፣ በዚህ ሁሉ የፕራንትል፣ የማክና የቡዜማን ታሪክ ውስጥ እኛ የት አለን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ «ሳይንስ አገር የለውም» በሚል ለስላሳ መልስም መታለፍ የለበትም። ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች፤ የገባችበት በር ግን የመረጠችው አልነበረም።

1. የችግሩ ጠባይ

አስቀድሜ ችግሩን በቀላሉ ላስረዳ። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ የሚወርደውን የቡልቡላን ወንዝ አስቡ። መሐል ላይ ውኃው ይፈጥናል፤ ከዳርቻው አፈር ጋር የሚተሻሸው ግን ይዘገያል። አየርም በክንፍ ላይ ሲያልፍ እንዲሁ ነው። ገጹን የነካው አየር በገጹ ላይ ይቆማል፤ ከፍ እያለ ሲሄድ ፍጥነቱ እየጨመረ ከነፃው ፍሰት ጋር ይስተካከላል። ይህን በዝግተኛና በፈጣን መካከል ያለ ስስ ንጣፍ ሉድቪግ ፕራንትል እ.ኤ.አ. በ1904 በሃይድልበርግ በተካሄደ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ለዓለም አስተዋወቀ፤ ባውንደሪ ሌየር ይባላል፤ «አዋሳኝ ንጣፍ» እንበለው።

የአዋሳኙ ንጣፍ ድካም የሚገለጠው ግፊት በሚጨምርበት አቅጣጫ እንዲጓዝ ሲገደድ ነው። ሜዳ ለሜዳ ያለችግር የሚሄድ የደከመ አህያ ዳገት ሲገጥመው ይቆማል፤ ከገፉትም ወደ ኋላ ይመለሳል። ከገጹ አጠገብ ያለው ዝግተኛ አየርም የግፊት ዳገት ሲገጥመው ጉልበቱ ያልቃል፤ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ ከኋላ የሚመጣውንም ፍሰት ከገጹ ያላቅቀዋል። የፍሰት መላቀቅ ማለት ይኸው ነው።

አሁን የድምፅን ፍጥነት እንጨምርበት። በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ11 ሺህ ሜትር ከፍታ፣ የሙቀቱ መጠን ከዜሮ በታች ወደ 56 ዲግሪ በሚወርድበት ሰማይ፣ ፍጥነቱ ወደ 295 ሜትር ይቀንሳል። አንድ የመንገደኞች ጄት በዚያ ከፍታ በማክ 0.85 ሲበር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከድምፅ ያነሰ ማለት ነው። ነገር ግን አየሩ በክንፉ ጉብታ ላይ ለማለፍ ይፈጥናልና በዚያች ቦታ ከድምፅ ይበልጣል። ይህ ከድምፅ የፈጠነ ኪስ ወደ ዝግታ የሚመለሰው ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት፣ እጅግ ስስ በሆነ ግድግዳ በኩል ነው፤ ይህም ሾክ ሞገድ ነው። ኤርንስት ማክና ፔተር ዛልኸር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ በሚበር ጥይት ፊት ፎቶግራፍ ያነሡለት ሞገድ ወገን ነው።

እንግዲህ ሾክ ሞገዱ ለደከመው አዋሳኝ ንጣፍ ዳገት ብቻ አይደለም፤ ገደል ነው። ግፊቱ በአንዲት ቅጽበት ያሻቅባል። ከሞገዱ በፊት ያለው የአየር ፍጥነት ከማክ 1.3 ገደማ ሲያልፍ በተለመደው ክንፍ ላይ ያለው ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ አይቋቋመውም፤ ይላቀቃል። ያን ጊዜ የማንሣት ኃይል ይቀንሳል፤ ጎታች ኃይል ይበዛል፤ በክንፉ ጫፍ ያሉት መሪ ክዳኖች ፍሰት በሌለበት ጥላ ውስጥ ገብተው ይፈዛሉ፤ ሞገዱም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ አውሮፕላኑን ያንቀጠቅጠዋል።

2. መስከረም 1928 ዓ.ም. በሮም

ይህን ችግር በዓለም ያሉ ሊቃውንት በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የመከሩበት የመጀመሪያው ታላቅ ጉባኤ አምስተኛው የቮልታ ጉባኤ ነው። ርእሱ «ከፍተኛ ፍጥነት በአቪዬሽን» ነበር። ፕራንትል፣ ቴዎዶር ፎን ካርማን፣ ጂ. አይ. ቴይለር፣ ያኮብ አከረት፣ ከአሜሪካ ኢስትማን ጃኮብስ ተገኝተዋል። ጃኮብስ በክንፍ ቅርጽ ላይ የቆመ ሾክ ሞገድን በፎቶግራፍ አሳየ። ወጣቱ ጀርመናዊ አዶልፍ ቡዜማን ደግሞ ክንፉ ወደ ኋላ ቢያዘነብል ከድምፅ በላይ በሆነ ፍጥነት የሚገጥመው መከራ እንደሚቀንስ አስረዳ። የጉባኤው ሰብሳቢ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋኤታኖ አርቱሮ ክሮኮ ነበር።

ቦታው ሮም ነው። ቀኑን ልብ በሉ። ጉባኤው የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30 እስከ ኦክቶበር 6 ቀን 1935 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 19 እስከ 25 ቀን 1928 ዓ.ም.። መስከረም 22 ቀን የፋሺስት ጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ በዚያው ዕለት አውሮፕላኖቹ ዐድዋንና ዐዲግራትን ደበደቡ። ዐድዋ የተያዘችው ጉባኤው በተዘጋበት ዕለት ነው። በአንድ ሳምንት፣ በአንድ መንግሥት ዋና ከተማ ስለ አየር ፍሰት የረቀቀ ውይይት ይካሄዳል፤ በዚያው መንግሥት ትእዛዝ በአየር ላይ የሚወርደው ቦምብ ይፈነዳል። በታኅሣሥ ወር ደግሞ የመርዝ ጋዙ ተከተለ።

ይህን የማነሣው ሊቃውንቱን በጅምላ ለመኰነን አይደለም። ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ የሌላ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ያቀረቡትም ዕውቀት ዛሬ በሰላም የምንጓዝበት ዕውቀት ነው። የማነሣው በዓለም የምሕንድስና መጻሕፍት የቮልታ ጉባኤ ሲተረክ ያቺ ሳምንት በኢትዮጵያ ምን እንደነበረች እምብዛም ስለማይጻፍ ነው፤ በእኛ የታሪክ መጻሕፍት ደግሞ ስለ ወረራው ሲጻፍ ጉባኤው አይነሣም። ሁለቱን ገጾች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የማንበብ ግዴታ ያለበት ሰው ካለ፣ ያ ሰው ኢትዮጵያዊው የኤሮዳይናሚክስ ተማሪ ነው።

3. ከጊዶኒያ እስከ ላንግሌይ

በዚያው ዓመት ከሮም ወጣ ብሎ ጊዶኒያ የተባለ የአየር ኃይል የምርምር ከተማ ተመሠረተ። አከረት ያገዘበት ከድምፅ የፈጠነ የንፋስ ዋሻም ነበረው። አንቶኒዮ ፌሪ የተባለው ወጣት ተመራማሪ የሠራው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣው ጥናት ሾክ ሞገድ ከአዋሳኝ ንጣፍ ጋር ሲጋጠም በክንፍ ቅርጽ የኋላ ጠርዝ አጠገብ መላቀቅ እንደሚያስከትል መዘገበ፤ በዚህ ጉዳይ ከቀደሙት ምስክርነቶች አንዱ ነው። የፌሪ የኋላ ሕይወትም ይደንቃል። ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ ከአርበኞች ጋር ተቀላቅሎ ተዋጋ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በላንግሌይ የምርምር ማዕከል ሥራውን ቀጠለ።

ችግሩ ከዋሻ ወጥቶ ሰው መግደል የጀመረው በጦርነቱ ዘመን ነው። የሎክሂድ ፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን ቁልቁል ሲወረወር መሪው እንደ ድንጋይ ይከብድ ነበር፤ የሙከራ አብራሪው ራልፍ ቨርደን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1941 በዚህ አውሮፕላን ሙከራ ላይ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 አከረትና ባልደረቦቹ በዙሪክ፣ ሃንስ ሊፕማን በካሊፎርኒያ በየፊናቸው ባደረጉት ጥናት አንድ ቁልፍ ነገር አረጋገጡ፤ የሾክ ሞገዱ መልክና የመላቀቁ ነገር የሚወሰነው በአዋሳኙ ንጣፍ ጠባይ ነው። በሥርዓት የሚፈስሰው ንጣፍ ቶሎ ይሸነፋል፤ የተተራመሰው ንጣፍ ግን ይበልጥ ይጸናል። ይህ ግኝት መድኃኒቱ የት እንደሚፈለግ አመለከተ፦ ሞገዱን ማጥፋት ካልተቻለ ንጣፉን ማበርታት ይቻላል።

4. አዙሪት አመንጪው

ሐሳቡ የተወለደው በሰማይ ላይ አለመሆኑ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1947 በዩናይትድ ኤርክራፍት ኩባንያ የነበረው ሃርላን ቴይለር የታገለው እየሰፋ በሚሄድ የአየር መተላለፊያ ውስጥ ያለውን የፍሰት መላቀቅ ለማስቀረት ነበር። በግድግዳው ላይ ትንንሽ ክንፊቶችን ከፍሰቱ አቅጣጫ ጥቂት ዘንበል አድርጎ ተከለ። እያንዳንዷ ክንፊት ከጫፏ ጠባብ አዙሪት ትፈትላለች፤ አዙሪቱም ወደ ታች ይረዝማል። ሥራው በወጥ ቤት ከምናውቀው ሥራ የተለየ አይደለም። ወጥ ከድስቱ ሥር እንዳያርር በማማሰያ እናማስላለን፤ ከሥር ያለው ወደ ላይ፣ ከላይ ያለው ወደ ሥር ይሄዳል። አዙሪቱም በላይ ያለውን ፈጣን አየር ወደ ገጹ ያወርዳል፤ የደከመውን አየር ያወጣል። ያረፈ ጉልበት ያገኘው ንጣፍ የግፊቱን ዳገት ይወጣል።

በላንግሌይ ኮልማን ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ይህንኑ ቀላል ዘዴ ሾክ ሞገድ በሚያስከትለው መላቀቅ ላይ ሞክሮ ውጤቱን አቀረበ። በካሊፎርኒያ የኤምስ የምርምር ማዕከል ደግሞ ክንፊቶቹ ወደ ኋላ ባዘነበለው የኤፍ-86ኤ ተዋጊ ጄት ክንፍ ላይ ተተክለው በበረራ ተፈተኑ። ይህ ጄት በድምፅ ፍጥነት አቅራቢያ ሲጠመዘዝ አንደኛው ክንፉ በድንገት የመውደቅ፣ አፍንጫውም ካልታዘዘ አቅጣጫ ሽቅብ የመሸሽ አመል ነበረው፤ ክንፊቶቹ ይህን አመል አሻሻሉለት። ቦይንግ ቢ-47 የተባለው ቦምብ ጣይም በክንፉ ውጫዊ ክፍል የእነዚህን ክንፊቶች ረድፍ ተሸክሞ በረረ። በእንግሊዝ አገር በቴዲንግተን የሠራው ፒርሲ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ሰፊ ጥናት የክንፊቶቹን ቁመት፣ አንግል፣ እርስ በርስ ያላቸውን ርቀትና ከሞገዱ ምን ያህል ቀድመው መተከል እንዳለባቸው የሚመራ የአሠራር ደንብ አቆመ። ከዚያ በፊት በሙከራና በዓይን ግምት ይደረግ የነበረው ሥራ በዚህ ጥናት ወደ ሥርዓት መጣ።

የመጠኑን ነገር ለተማሪዎቼ ላስታውስ። በቀደመው ልማድ የክንፊቷ ቁመት ከአዋሳኙ ንጣፍ ውፍረት ጋር እኩል ገደማ ነበረ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ከንጣፉ ውፍረት ከ10 እስከ 50 በመቶ ብቻ የሚደርሱ ድንክ ክንፊቶችም መላቀቅ ከሚጀምርበት ቦታ ቀረብ ብለው ከተተከሉ በቂ መሆናቸውን አሳዩ። ምክንያቱም ትልቅ ክንፊት ራሷ ጎታች ኃይል ትፈጥራለች፤ ችግሩ በሌለበት ሰዓት እንኳ ነዳጅ ትበላለች። መድኃኒት ሁሉ መጠን አለው።

5. ቢሾፍቱና ቦሌ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ዛሬ ጠዋት ያለፋችሁባት ቢሾፍቱ የአየር ኃይላችን መኖሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ኤፍ-86ኤፍ ጄቶችን ተረከበ፤ በማግስቱ ዓመት የኢትዮጵያ ኤፍ-86ዎች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ወደ ኮንጎ ዘመቱ። የእነዚያ ጄቶች ክንፍ በ35 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነበር። ክንፍን ወደ ኋላ የማዘንበል ሐሳብ በሮም በተነገረ በ25ኛው ዓመት፣ በዚያች ሳምንት የተደበደበች አገር ልጆች በዚሁ ክንፍ በራሳቸው ሰማይ በረሩ።

ሲቪሉ አቪዬሽንም በዚያው መንገድ ተከተለ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720ቢ ጄቶችን ወደ አገልግሎት አስገባ፤ ለእነሱም የልደታ ሜዳ ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። የ720 ክንፍም በ35 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። የትውልድ ሐረጉ ሲቈጠር በ707 በኩል ወደ ቢ-47 ይደርሳል። ቢ-47 ክንፉን ወደ ኋላ ያዘነበለው ደግሞ የቦይንጉ ጆርጅ ሻይረር እ.ኤ.አ. በ1945 በጀርመን ያገኘውን የምርምር ሰነድ አይቶ ለኩባንያው በጻፈው ደብዳቤ መነሻነት ነው። የ720 መሐንዲሶች ከሥር በኩል ያለውን የክንፍ ክፍል የፊት ጠርዝ አስረዝመው ክንፉን በአንጻራዊነት አሳሱት፤ በዚህም ሾክ ሞገዱን አዘገዩ፤ አውሮፕላኑ ከ707 ይልቅ ፈጠን ብሎ መጓዝ ቻለ።

ከዚህ ላይ አንድ የአስተሳሰብ ለውጥ ይታያል። ክንፊት መትከል በብዙ አጋጣሚ ክንፉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚደረግ እርማት ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሪቻርድ ዊትኮም በላንግሌይ ያበለጸገው ሱፐርክሪቲካል የተባለው የክንፍ ቅርጽ ግን ሞገዱን ከምንጩ ያደክመዋል፤ በላይ በኩል ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ከልክ በላይ አይፈጥንም። ይሁን እንጂ ክንፊቶቹ አልጠፉም። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድማ አገራችን የተረከበችው ቦይንግ 787 እንኳ በዘመኑ ስሌት ተቀርጾ ሳለ በክንፉ ላይ ክንፊቶች አሉት። በ737 የኋላ አካል ላይ የተተከሉትን፣ በሞተር ሽፋን ጎን ላይ የምትታየዋንም ሰፋ ያለች ክንፊት ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ እነዚህ ከሾክ ሞገድ ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ ሥራቸው ግን ያው ማማሰል ነው።

6. ለእኛ የቀረው ጥያቄ

እንግዲህ ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ ልመለስ። በዚህ ታሪክ ውስጥ በመጀመሪያ የተደበደብን ነበርን፤ ቀጥሎ ገዢና አብራሪ ሆንን። በኋለኛው የሚያኮራ ሥራ ተሠርቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መካኒኮች የሌሎችን አገሮች አውሮፕላን ጭምር ይጠግናሉ። ነገር ግን ክንፊቷን መተካትና ክንፊቷ የት መተከል እንዳለባት መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለመጀመሪያው የጥገና መመሪያ መጽሐፍ ይበቃል፤ ለሁለተኛው የንፋስ ዋሻ፣ መለኪያ፣ ስሌትና «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛው በር የጠያቂነት በር ነው፤ እሱ ገና በሰፊው አልተከፈተም።

«ከድምፅ የፈጠነ ዋሻ ከየት እናመጣለን?» የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ተቃውሞው እውነት አለው፤ የዚያ ዓይነት ዋሻ ውድ ነው፤ የሚበላውም ኃይል ብዙ ነው። ግን የነገርኋችሁን ታሪክ አስተውሉ። ቴይለር ሐሳቡን ያገኘው በመተላለፊያ ቱቦ ችግር ላይ ነው፤ ሾክ ሞገድ በኋላ መጣ። የፍሰት መላቀቅ በዝግተኛ አየር ውስጥም አለ፤ ክንፊቷም በዚያው ትሠራለች። ከአዳማ የመጣችሁ ደግሞ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በከተማችሁ ዳርቻ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በአዳማ አንድ 34፣ በአዳማ ሁለት 102 የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ አቅማቸው በቅደም ተከተል 51 እና 153 ሜጋዋት ነው። የአንድ እንዲህ ያለ ተርባይን የምላጭ ጫፍ በሴኮንድ 70 ሜትር ገደማ ይከንፋል፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ሾክ ሞገድ የለም። መላቀቅ ግን አለ፤ በተለይ ወፍራም በሆነው የምላጩ ሥር። በዓለም ላይ ብዙ ተርባይኖች በዚያ ቦታ አዙሪት አመንጪ የሚተከልላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የስምጥ ሸለቆ ንፋስ የራሱ ጠባይ አለው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናትና አየሩ ከባሕር ዳር አየር በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በበጋ አቧራው ይነሣል፤ የምላጩን የፊት ጠርዝ ያሻክራል፤ የሻከረ ጠርዝ ደግሞ አዋሳኙን ንጣፍ አስቀድሞ ያደክመዋል። በዚህ አየር፣ በዚህ አቧራ፣ የክንፊቷ ቁመትና ቦታ ምን መሆን አለበት? ይህን ጥያቄ የሰሜን ባሕር ተመራማሪ አይጠይቅልንም፤ አቧራው የእሱ አይደለምና። ለመመለስ የሚያስፈልገው ዝግተኛ የንፋስ ዋሻ፣ ጥቂት የግፊት መለኪያ፣ በክንፉ ላይ የሚለጠፍ የክር ቁራጭና ትዕግሥት ነው። ክሩ ወደ ኋላ ሲዞር መላቀቁን በዓይናችን እናያለን። እንዲህ ያለውን ዋሻ ከእንጨትና ከማራገቢያ በዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ መሥራት ይቻላል። በዚህ ላይ የሠለጠነ ተማሪ ነገ ወደ ፈጣኑ ፍሰት ሲሻገር አዲስ ቋንቋ አይማርም፤ ያው የደከመ ንጣፍ ነው፤ ዳገቱ ብቻ ይበረታበታል።

ይህን ስል የአንድ ትንሽ ቆርቆሮ ጉዳይ አገር ያቀናል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. በሮም አዳራሽ ውስጥ ስለ አየር የሚጠይቁ ነበሩ፤ እኛ ደግሞ አየሩ ያመጣብንን ተቀበልን። በጠያቂና በተቀባይ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል ከኢትዮጵያዊ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በመጪው ሴሚስተር የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ስትመርጡ ከሩቅ አገር መጽሔት የተገኘውን ስሌት ደግሞ ከማስላት በፊት ቀና ብላችሁ የአዳማን ኮረብታ ተመልከቱ። በዚያ ላይ የሚዞረው ምላጭ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም የእናንተ ነው።